ወራጅ አለ!

ወር በገባ በ16 ጸበሌን ከጠጣሁ በኋላ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ወረድ ብሎ ያለ አንድ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ድንጋዩ የኔ ነው። ካርታ የለውም እንጂ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። አጠገቤ የሚቀመጠው ወዳጄ ዕድሜውን ሙሉ አውሮፕላን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቀና ሳይል፣ በድምፁ ብቻ፣ በላያችን የሚያልፈውን ይለያል። «ይሄ ባለ ፕሮፔለር ነው፤ ከሰሜን ነው የመጣው» ይላል አፉን እየጠራረገ። እኔ ደግሞ ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጋቢዬን ሰብስቤ ፊቴን አዞራለሁ። ቂም አለብኝ። ላሊበላ ለመሄድ ጎንደር ላይ ተሳፍሬ፣ በገዛ ቤቴ አናት ላይ አልፌያለሁ። ቆርቆሮዬን ቁልቁል እያየሁ! የተነቀለችዋን ሚስማር አይቻታለሁ ብል አታምኑኝም፤ እኔ ግን አይቻታለሁ።

ነገሩን የጀመረችው የልጅ ልጄ ናት። ዋሽንግተን ነው የምትኖረው። ጎንደር ያለችውን እህቴን ልጠይቅ መነሳቴን ስትሰማ ደወለች።

«አባባ፣ ከጎንደር ላሊበላ እኮ ቅርብ ነው። ስልኩ 180 ኪሎ ሜትር ነው የሚለው። በአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት! በዚያው ገናን ላሊበላ ያክብሩ፤ ትኬቱን እኔ እቆርጥልዎታለሁ።»

«ግማሽ ሰዓት?»

«ግማሽ ሰዓት።»

«እኔ እኮ በግማሽ ሰዓት ጫማዬን ፈልጌ አላገኝም፤ ልጄ።»

ሳቀች። የዛሬ ልጆች ሰው ቁምነገር ሲነግራቸው ይስቃሉ።

ያንን መንገድ እኔ በእግሬ አውቀዋለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ እናቴ ስለት ነበረባትና ከጎንደር ወዲህ ካለችው መንደራችን ተነስተን ላሊበላን ልንሳለም ወጣን። ጾመ ነቢያት ነው፤ ስንቃችን በሶና ዳቦ ቆሎ። በሁለተኛው ቀን እግሬ ተላጠ፤ በአራተኛው ደነደነ፤ በስድስተኛው እግር እንዳለኝም ረሳሁ። የደረስነው በ12ኛው ቀን ነው። በመንገድ ያገኘነውን ሁሉ «ላሊበላ ሩቅ ነው?» እንላለን። ያኔ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር አልነበረም፤ በጉሮሮ ነበር። ሰውየው «እዚያ» ብሎ ቆረጥ ካደረጋት የግማሽ ቀን መንገድ ናት። «እዚ...ያ» ብሎ ከሳባት ማደር አለ ማለት ነው። «እዚ.......ያ» ብሎ አገጩን ሰቅሎ ዓይኑን ከጨፈነ ደግሞ እናቴ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ቁጭ ትልና የበሶውን ስልቻ በእጇ ትመዝናለች። ይህ መለኪያ አንድም ቀን አላሳሳተንም። ባትሪም አይጨርስም።

ርቀት ከተነሳ አፄ ቴዎድሮስን ሳላነሳ አላልፍም። ንጉሡ ሴባስቶፖልን፣ ያንን ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፋቸውን ይዘው ከደብረ ታቦር የተነሱት በጥቅምት 1860 ነው። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት። ወዳጄ ስልኩ ላይ ጣቱን ጎትቶ ለካው፤ በሰማይ ቢኬድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አለኝ። ከጎንደር ላሊበላ ያንሳል ማለት ነው። አምስት ወር ፈጀ! መንገዱን እያስጠረጉ፣ ገደሉን እያስቆረጡ፣ ድንጋዩን ራሳቸው ጎንበስ ብለው እያነሱ። ዛሬ ታዲያ የጎንደሩ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠራው በማን ስም ነው? በሳቸው። አውሮፕላኑ ከስማቸው ላይ ተነስቶ ያንኑ ያህል መንገድ ጀበና ሳይንተከተክ ይጨርሰዋል። ንጉሡ ይህን ቢሰሙ ይደነቁ ነበር የሚል አለ። እኔ ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ቶን ይጭናል?» ብለው ይመስለኛል።

ለማንኛውም ከመሄዴ በፊት ወዳጄን ይህ ግማሽ ሰዓት የሚሉት ነገር እውነት ይሁን አይሁን ጠየቅሁት።

«በመጀመሪያ» አለኝ፣ «ማንም ከጎንደር ላሊበላ አይበርም።»

«እንዴት?»

«የሚበረው ከአዘዞ ሹምሸሃ ነዋ።»

እውነቱን ነው። የጎንደሩ ማረፊያ ያለው ከከተማው በስተደቡብ አዘዞ ነው። የላሊበላው ደግሞ ታች ሹምሸሃ ሜዳ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ሽቅብ ይወጣል። ስልኩ የሚለካው በነዚህ ሁለት ሜዳዎች መሃል ገመድ ቢወጠር ነው። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ለአዘዞም ለሹምሸሃም ስለት ተስዬ አላውቅም።

«ኪው 400 የሚባለው» ቀጠለ ወዳጄ፣ «በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። 180ውን ብታካፍለው 16 ደቂቃ ነው የሚመጣልህ።»

«ታዲያ ግማሽ ሰዓት ለምን ይላሉ?»

«መች በዚያ ፍጥነት ይበርና! መንገዱ ሲያጥር አውሮፕላን ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ መሃሉ ላይ ተዝናንቶ የሚሄድበት የለውም። ተንደርድሮ እስኪነሳ፣ ዞሮ አቅጣጫውን እስኪይዝ፣ ወርዶ እስኪቆም ያለው ሁሉ ይቆጠራል። መንገዱ በግማሽ ቢያንስ ጊዜው በግማሽ አያንስም።»

ገባኝ። የእንጦጦ ሰው ማለት ነው፤ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። እኔም ከሽሮ ሜዳ በላይ ስኖር ሜዳ ላይ የሄድኩበትን ቀን አላስታውስም።

ትኬቱ መጣ። ሰዓቱ 07፡30 ይላል። ሰባት ተኩል ከሆነ ምሳዬን በልቼ፣ ትንሽ ጋደም ብዬ እደርሳለሁ ብዬ ተረጋጋሁ። በዋዜማው ማታ የልጅ ልጄ ደወለች። «አባባ፣ ነገ በጊዜ ይተኙ፤ ከንጋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው የሚበሩት» አለችኝ። ሰባት ተኩል ይላል እኮ ብላት የፈረንጅ ሰዓት ነው አለች። ለመሆኑ የተቆረጠው ለኔ ነው ለፈረንጅ? እሷ ጋ ቀን ነው፤ እኔ ጋ መሽቷል፤ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ሰዓት አለ። ሁለት ሰዓት ቀድመው ይድረሱ ተብሏልና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሳሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚነሳ ሰው ድሮ በእግሩ ነበር የሚሄደው።

ፍተሻው ላይ ጫማ ይውለቅ አሉኝ፤ አወለቅሁ፤ ለቤተ ክርስቲያንም ይወለቃል። ቀበቶ ይፈታ አሉኝ፤ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ፈታሁ፤ ይሄ እንኳ ለቤተ ክርስቲያን አይደረግም። ከዚያ ከፌስታሌ ውስጥ ሃይላንዱ ወጣ። ሊትር ተኩል፣ ጢም ያለ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?» አለኝ ፈታሹ፤ ልጅ እግር ነው።

«የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል። ለእህቴ ነው፤ ወገቧን ያማታል።»

ልጁ ጨነቀው። ማዕተብ አስሯል። «ይዘው መግባት እንኳ አይቻልም፤ መድፋት ደግሞ...» ብሎ አቆመ። እሱም ሊደፋው አልደፈረም፤ እኔም ልደፋው አልደፈርኩም። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል። በስመ አብ ብዬ ክዳኑን ከፈትኩና እዚያው ቆሜ፣ ሱሪዬን በግራ እጄ እንደያዝኩ፣ ሊትር ተኩሉን ጨለጥኩት። ልጁ «ይፈውስዎ» አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው።

ከአዲስ አበባ ጎንደር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስለ አንድ ሰዓት የማላውቀው ነገር ነበር፤ ያን ቀን አወቅሁት። ወዳጄ ድንጋዩ ላይ ያስተማረኝም በሙሉ ያን ጊዜ ፍንትው አለልኝ። ሲወጣ የቀበቶው መብራት በርቷል። ተነሳሁ። «አባባ፣ ይቀመጡ» አለችኝ አስተናጋጇ። መብራቱ ጠፋ። ስነሳ ከፊቴ ሦስት ሰው ተሰልፏል፤ አንዱ ሕፃን ታቅፏል። ተራዬ ሲደርስ አውሮፕላኑ ቁልቁል ማለት ጀመረ፤ መብራቱ በራ። «አባባ፣ ይቀመጡ፤ ልናርፍ ነው፤ ትንሽ ደቂቃ ናት» አለችኝ። ትንሽ ደቂቃ! ጣና በመስኮቱ በኩል ተንጣሎ ታየ። እዩት እዩት ይባባላሉ ተሳፋሪዎቹ። እኔ በዚያን ሰዓት ውሃ ማየት አልፈለግሁም።

እህቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ጸበሉስ?» አለችኝ ገና አንገቴ ላይ ሳትጠመጠም። «አምጥቼዋለሁ፤ አሁን አትጠይቂኝ» አልኳትና በአጠገቧ ገፍትሬ አለፍኩ።

በኋላ ቡና ተፈልቶ ስንቀመጥ «መንገድ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው የሆዴ ቁስል ያለው። «መንገድ እንዴት ነበር?» ሲባል ድሮ መልሱ ሌሊቱን ያነጋ ነበር። የትኛው ወንዝ ሞልቶ እንደቆየን፣ ማን ደጅ «የእግዜር እንግዳ» ብለን እንዳደርን፣ ባልቴቲቱ ጠላ እንዴት እንደሰጠችን፣ ውሻዋ እንዴት እንደነከሰን፣ የነከሰንን ቦታ እንዴት እንዳሰረችልን። ሰሚው «እሰይ» ሲል፣ «አይ መከራ» ሲል፣ ፍሙ ወደ አመድ ይለወጣል። እንግዳ እንግዳ የሚሆነው በመንገዱ ነበር። አሁን ምን ልበላት? ከፊቴ የነበረውን ሰው ማጅራት አየሁ ልበላት? ወዳጄ እንደሚለው መጀመሪያ ላይ፣ አየር መንገዳችን ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገ ጊዜ፣ በነዚያ ዳኮታ በሚባሉት አውሮፕላኖች ውስጥ ሰው የሚቀመጠው ግራና ቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ነበር፤ ፊት ለፊት፤ ዕቃው መሃል ላይ በገመድ ታስሮ። እንደ ለቅሶ ቤት ማለት ነው። ወግ ለማውጋት የሚመች ነው። ወንበሩን ሁሉ ወደ ፊት ያዞረው ማን እንደሆነ ባውቅ አንድ የምለው ነበረኝ።

«ደመና ነበር» አልኳት እህቴን። «እህ» አለችና ስኒውን ሞላች። አለቀ። የ420 ኪሎ ሜትር ወግ።

ከዚያ የላሊበላው ትኬት መጣ። የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ አየውና አየኝ፤ እንደገና ስልኩን አየ። «አጎቴ፣ ይሄ እኮ በአዲስ አበባ በኩል ነው የሚሄደው» አለኝ። ዋሽንግተን ተደወለ። «አባባ፣ ለዚያ ቀን ያገኘሁት ይሄን ብቻ ነው» አለች የልጅ ልጄ። «ምን ችግር አለው? ቦሌ አራት ሰዓት አረፍ ብለው ይቀጥላሉ።»

ቁጠሩልኝ። ላሊበላ ከጎንደር በስተምሥራቅ ናት። ወደ ምሥራቅ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ደቡብ 420 ኪሎ ሜትር፤ ከዚያ ወደ ሰሜን 330 ኪሎ ሜትር። 180ዋ አድጋ፣ ወልዳ ከብዳ 750 ሆነች። የጎረቤቴን ቡና ለመጠጣት ደብረ ብርሃን ደርሼ እንደመመለስ ነው። ወዳጄ እንደሚያወራው ድሮ አውሮፕላኑ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያለ እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ አንዱን እያወረደ ሌላውን እየጫነ ይዞር ነበር። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» ብለው አገሩን ለፈረንጅ ያስተዋወቁ ጊዜ ቱሪስት የሚጎበኘው ይህንኑ መስመር ነበር። እኔ ቱሪስት አይደለሁምና ዞሬ ሳይሆን ተመልሼ ሄድኩ።

ከጎንደር ተነሳን። ክንፉ ከላይ ስለሆነ መስኮቱ ሁሉን ያሳያል። የዓባይ ሸለቆ አለፈ፤ በእግሬ ሁለት ቀን የሚፈጀውን ቁልቁለትና ዳገት አዛጋሁ፣ አለፈ። የሱሉልታ ሜዳ መጣ። ከዚያ ባሕር ዛፉ። ከዚያ የጠፈር ጥናቱ ሁለት ነጫጭ ጉልላቶች፣ እንቁላል መስለው። ልቤ ደነገጠ። እንጦጦ ነው! የኪዳነ ምሕረት ዛፎች፣ መንገዱ፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ሲወርዱ። ቤቴ! ባለቤቴ ደጅ ልብስ አስጥታለች። እኔ እንግዲህ ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ስሳፈር አርባ ዓመት የሆነኝ ሰው ነኝ። አፌ ከኔ ቀደመ።

«ወራጅ አለ!»

አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞረ። አንዱ ጎረምሳ ከኋላ «ጠጋ በል ሹፌር!» አለ። ሳቁ ከፊት እስከ ኋላ ሄደ። አስተናጋጇ ፈጥና መጣች። «አባባ፣ ምን ፈለጉ?»

«ምንም፤ ልጄ። ቤቴ አለፈኝ።»

እሷም ጎንበስ ብላ በመስኮቱ አየች፤ ከልቧ ነው ያየችው። «የቱ ነው?» አለችኝ። ላሳያት ጣቴን ስሰድ ስድስት ኪሎ ደርሰናል።

ቦሌ ተቀምጬ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። «አሁን በላይሽ አለፍኩ» አልኳት። «ሰምቼሃለሁ፤ ታዲያ ምነው ሳትወርድ?» አለችኝ። ከዚች ሴት ጋር ነው የኖርኩት። ቤቴ ሄጄ ምሳ በልቼ እንዳልመለስ ከቦሌ እንጦጦ ደርሶ መልስ በአራት ሰዓት አይሞከርም። ስለዚህ ብረት ወንበር ላይ ተቀምጬ አሰላሰልኩ።

የኛ ነገር ይገርማል። ከተማው የተጀመረው እኛ ጋ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ፍል ውሃውን ወደው ቁልቁል ወረዱ፤ ብርዱንም ሸሽተው ይሆናል፤ አልፈርድባቸውም። ባላቸው ግን በ1882 ዘውድ ለመጫን ተመልሰው እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው የመጡት። ከዚያ በኋላ የወረደው ሁሉ ወርዶ ቀረ። የመጀመሪያው አውሮፕላን በነሐሴ 1921 ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲመጣ አባቴ ሰው ሁሉ እልል እያለ እንደሮጠ ይነግረኝ ነበር። ማረፊያው ልደታ ሆነ፤ ሰፈሩን ዛሬም ኦልድ ኤርፖርት ይሉታል። ቀጥሎ ወደ ቦሌ ሸሸ። አሁን ደግሞ ቢሾፍቱ አካባቢ ሊሠራ ነው ይባላል። እኔ ካለሁበት በየጊዜው እየራቀ ነው፤ ምን እንዳደረግሁት አላውቅም። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር ነው። ቤቴ ከዚያ በግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ይበልጣል። አውሮፕላኑ ጉድ ጉድ እያለ ተነስቶ መጀመሪያ የሚለፋው እኔ ቁጭ ብዬ ጋቢ ለብሼ ያለሁበት ከፍታ ላይ ለመድረስ ነው። እኔ እኮ ከመሳፈሬ በፊት ሰማይ ላይ ነበርኩ። ወርጄ፣ ከፍዬ፣ ተመልሼ ወጣሁ።

ወደ ላሊበላ ስንነሳ እንጦጦን በሌላው ጎን አየኋት። ዝም አልኩ። ያ ጎረምሳ ግን አብሮኝ ነው ለካ፤ «አባባ፣ ወራጅ የለም?» አለኝ ከኋላ።

ሹምሸሃ አረፍን። ከዚያ መኪናው ሽቅብ ተጠማዝዞ ላሊበላ ገባን። ሕዝቡ እንደ ገብስ ማሳ ነው፤ ነጭ በነጭ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ የመጣ፤ መቋሚያውን ተደግፎ ቆሞ የሚያንቀላፋ፣ ድንጋይ ተንተርሶ የተኛ። በማግስቱ ንጋት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ከላይ ከማሜ ጋራ፣ ከታች ደግሞ ሌሎቹ ሆነው ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የቆምኩበትን ቦታ ፈለግሁ። አገኘሁት። ሌላ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቆሞበታል፤ እናቱ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ። እዚህ ላይ የማጉረመርመው የለኝም።

የማጉረመርመው የገባሁ ዕለት ማታ የሆነው ነው። የላሊበላ ሰው ለገና የመጣን እንግዳ እግር ያጥባል፤ ከጥንት የኖረ ልማዱ ነው። እኔና አንድ ገበሬ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። አንዲት ሴት ሳፋና ትኩስ ውሃ ይዛ ከፊታችን በርከክ አለች። መጀመሪያ እሱን አጠበች። ተረከዙ እንደ ክረምት መሬት ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ የመንገዱ አፈር ተጋግሯል። ጣቷን ስታስገባ ውሃው ቀላ።

«ከየት መጡ፤ ወንድሜ?»

«ኧረ እዚሁ ነኝ» አለ። «ከጋይንት።»

«ስንት ቀን ፈጀብዎ?»

«ስድስት። እዚያ እኮ ነው።» ሳይስባት ነው ያላት። ቆረጥ አድርጎ።

ወደኔ ዞረች። «አባቴ፣ እርስዎስ?»

«ከጎንደር።»

«ውይ፣ በሞትኩት! ከጎንደር? ስንት ቀን?»

ላብ መጣኝ። «ሁለት...» አልኩ። ሁለት በረራ ልል ነበር፤ በእውነት። «ቀን» ብላ እሷው ሞላችልኝ። የጋይንቱ ሰው አንገቱን አዙሮ ከጫማዬ እስከ ኮፍያዬ አየኝ። ከጎንደር በሁለት ቀን የሚመጣ ፈረስ እንኳ አያውቅም። ሴቲቱ ጫማዬን አወለቀች። ካልሲዬን አወለቀች። እህቴ ቤት ትናንት ማታ በሳሙና የታጠበ እግር፤ እንደ ሕፃን መቀመጫ የለሰለሰ። ተረከዜን በመዳፏ ይዛ ትንሽ ቆየች። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጣሪያ አየሁ። ውሃውን አፈሰሰችልኝ፤ ለእሱ ያጠበችውን ያህል፣ ሳትቸኩል፣ ጣት በጣት። ስትጨርስ ለጋይንቱ ሰው እንዲህ አለችው፤

«የጎንደር ሰው መንገድ ሲሄድ እግሩ ያምርበታል መሰለኝ።»

የተመለስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ከላሊበላ ቦሌ ያቺው አንድ ሰዓት ናት፤ ስለሷ የምለው የለኝም። ቦሌ የወረድኩት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ቤቴ የገባሁት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፎ። ባለቤቴ በሩን ከፈተች። ውሃ ጥዳ ኖሯል፤ ሳፋውን አምጥታ እግሬ ስር አስቀመጠች።

«ከየት ትመጣለህ በዚህ ሰዓት?»

«ከላሊበላ ነዋ።»

«እሱን መች ጠየቅሁህ። ከቦሌ እዚህ ነው የምልህ።» ጫማዬን አወለቀች። ካልሲዬ ረጥቧል፤ አንዱ አውራ ጣቴ ተላጧል፤ ከሽሮ ሜዳ በላይ ታክሲ ጠፍቶ በእግሬ ነው የወጣሁት። «ውይ፣ ውይ» አለች ተረከዜን ይዛ። «መንገድ እንዴት ነበር?»

ጋቢዬን አስተካከልኩ። ትራሱን ከወገቤ ስር አደረግሁ።

«ቆይ፤ መጀመሪያ ቡናውን ጣጂው» አልኳት። «መገናኛ ላይ ሰልፉ...»